ትንሿ ቃል የት ገባች?

እስቲ ይቺን አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ «ሺ ራን አውት»። ሦስት ቃል ብቻ ናት። ስፓኒሽ መማር የጀመረ ሰው መዝገበ ቃላቱን ይዞ ቢቀመጥ «ራን» የሚለውን «ኮሪዮ»፣ «አውት» የሚለውን «ፉዌራ» ብሎ ያስቀምጠዋል። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪው ግን «ኮሪዮ ፉዌራ» ሲባል የሚታየው ደጅ ላይ የምትሮጥ ሴት ናት፤ ከቤት ስትወጣ አላያትም። እሱ ቢሆን «ሳሊዮ ኮሪየንዶ» ነበር የሚለው። ቃል በቃል «ወጣች እየሮጠች» ማለት ነው፤ በእኛ አፍ ደግሞ «ሮጣ ወጣች»።

አያችሁ? አማርኛ ሳይጠየቅ ከስፓኒሽ ጎን ተሰለፈ።

ይህን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ጥናቱ በሥርዓት የዘረዘረው የቋንቋ ሊቁ ሊዮናርድ ታልሚ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ዋናውን ግሥ የሚሰጠው ለአኳኋኑ ነው፦ መሮጥ፣ ማነከስ፣ መንሳፈፍ። የት ሄደ የሚለውን ከኋላ የምትለጠፍ ትንሽ ቃል ትነግረናለች። ስፓኒሽ ግን ዋናውን ግሥ ለአቅጣጫው ይሰጣል፦ መውጣት፣ መግባት፣ መውረድ፣ መሻገር። ትንሿ ቃል ጠፍታ ሳይሆን ግሡ ውስጥ ገብታ ነው የማናያት። አኳኋኑ ደግሞ ከፈለገ አብሮ ይሳፈራል፣ ካልፈለገ ይቀራል። ታክሲው ያለ እሱም ይሄዳል።

ደንቡ ግን ሁሌ አይሠራም፤ የሚገርመው እሱ ነው። «ወደ ሱቁ ሮጠ» ለማለት ስፓኒሽ «ኮሪዮ» ቢጠቀም ምንም ችግር የለውም። ደፉን ተሻግሮ ከገባ ግን «ኤንትሮ ኮሪየንዶ»፣ «ሮጦ ገባ» ማለት ግድ ይሆናል። በአማርኛ ሞክሩት። «ወደ ሱቅ ሮጠ» ይሄዳል። «ሱቅ ውስጥ ሮጠ» ካልን ግን ልጁ መደርደሪያ ለመደርደሪያ እየተሯሯጠ ነው። በር የሚያሻግረው መስተዋድዱ ሳይሆን ግሡ ነው።

እንግዲህ ወደ ሂሱ እንግባ። አንድ ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከፍርድ ቤት «ሊምፕድ አውት» ተባለላት እንበል። አንዱ ተርጓሚ «ሳሊዮ» ይላል፤ ወጣች። ንጹሕ ስፓኒሽ ነው፣ ግን እግሯ ዳነ! ሌላው «ሳሊዮ ኮኼአንዶ» ይላል፤ እያነከሰች ወጣች። ይሄ ታማኝ ነው። ግን አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ግሥ አሥር ጊዜ ቢመጣና አሥሩንም እንዲህ ቢተረጉመው፣ ጽሑፉ «አንዶ፣ ኢየንዶ፣ አንዶ» እያለ ይደልቃል። የእኛን «እየሮጠ፣ እየዘለለ፣ እየተንከባለለ» የሚል የተሰላቸ ትርጉም አስታውሱ፤ ያው ነው።

የሥነ ልቦናና የቋንቋ ተመራማሪው ዳን ስሎቢን ልብ ወለዶችን ከነትርጉማቸው ሲያነጻጽር፣ ወደ ስፓኒሽ የሚተረጉሙ ሰዎች አኳኋኑን ብዙ ጊዜ እንደሚተዉት አሳይቷል። ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉሙት ደግሞ ያለውን ይዘው፣ አንዳንዴም የሌለውን ጨምረው ይሄዳሉ። ይሄን ሰምቶ «ስፓኒሽ ድሃ ነው» ማለት ይቀላል። እኔ አልስማማም። መተው በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሳይመርጡ መተው ነው። ሰውዬው ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ቢያዘግምም ባያዘግምም ለታሪኩ ምንም ላይሆን ይችላል። አሮጊቷ የተከሰሰችው ግን ከአጥር ዘላ ሰረቀች ተብላ ከሆነ ማነከሷ ማስረጃ ነው። ጎበዝ ተርጓሚ እዚያው ግሥ ላይ ቦታ ቢያጣ እንኳ ማነከሷን ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ያሻግራታል፤ ደረጃው ላይ ቆም ቆም ያሰኛታል። እኔ ትርጉም ሳነብ የምፈልገው የቃል ቁጥር ሳይሆን ይህን ምርጫ ነው።

እንቅስቃሴ በሌለበት ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። «ጊቭ አፕ» የሚለውን ውሰዱ። ወታደሩ፣ አጫሹና ፍለጋ የሰለቸው ሰው ሁሉም በእንግሊዝኛ «ጊቭ አፕ» ያደርጋሉ። በስፓኒሽ ወታደሩ «ሴ ሪንዲዮ»፣ አጫሹ «ዴኾ ዴ ፉማር»፣ ፈላጊው «ፔርዲዮ ላ ኤስፔራንሳ» ነው። በእኛም አንዱ እጅ ሰጠ፣ አንዱ ማጨስ ተወ፣ አንዱ ተስፋ ቆረጠ። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት አያድንም፤ ማን እንደተናገረ ማወቅ ያስፈልጋል። የስድስት ዓመት ልጅ እሳቱን «ፑት አውት» አደረግኩት ቢል «አፓጋር» ነው መልሱ፤ አጠፋሁት። «ኤክስቲንጊር» የሚለውን ክብደት ያለው ቃል የሚመርጥ ተርጓሚ ትርጉሙን አልሳተም፤ ልጁን ግን የእሳት አደጋ ሪፖርት ጸሐፊ አድርጎታል።

እስካሁን ስለ መጽሐፍ ነው ያወራነው። መጽሐፍ ላይ ቢሳሳቱ ቢበዛ አንባቢ ይከፋዋል። አሁን የፖሊስ ምርመራ ክፍል ውስጥ እንግባ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ከእጁ የሆነ ነገር ሲያመልጠው «ሴ ሜ ካዮ» ይላል። ብርጭቆ ሲሰበርበት ደግሞ «ሴ ሜ ሮምፒዮ»። ያቺ «ሜ» ምን ታደርጋለች? እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ይቸገራል። ወይ «እኔ ጣልኩት» ይላል፣ ወይ «ወደቀ» ይላል። የመጀመሪያው ሰውዬውን አድራጊ ያደርገዋል። ሁለተኛው ከቦታው ጭራሽ ያጠፋዋል። ሉና ፊሊፖቪች የተባለች የቋንቋ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ በአስተርጓሚ የተካሄዱ የፖሊስ ምርመራዎችን ስታጠና ያነሳችው አንዱ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሳያስበው የደረሰበትን የተናገረ ሰው በትርጉም ሆን ብሎ እንዳደረገ ሊመስል ይችላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ «ሴ ሜ ካዮ»ን ማስረዳት አያስፈልግም። «ወደቀብኝ» ነው። «ሴ ሜ ሮምፒዮ» ደግሞ «ተሰበረብኝ»። እኛም መስተዋድዱን ግሡ ውስጥ ስለምንውጠው፣ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በሚሉት መካከል ያለችው አንዲት ፊደል የረታውን ከተረታው ትለያለች። ታዲያ አሜሪካም ሆነ ሌላ አገር፣ በአስተርጓሚ በኩል ቃሏን የምትሰጥ አንዲት ሞግዚት «ልጁ ወደቀብኝ» ብትል ምን ተብሎ ይተረጎምላታል? «ጣልኩት» ከተባለ ጥፋተኛ ናት። «ወደቀ» ከተባለ ግድ ያልሰጣት ትመስላለች። እሷ ያለችው ሁለቱንም አይደለም። አላደረግኩትም፣ ግን በእኔ ላይ ደረሰ፣ ያመኛልም ነው ያለችው። ያን ሁሉ የተሸከመችው «ብኝ» ናት።

ስለዚህ ቀጣዩን ትርጉም ስታነቡ ትልልቆቹን ቃላት ለመዝገበ ቃላት ተዉአቸውና ትንሿን ፈልጉ። ግሡ ውስጥ ገብታ ይሆናል፣ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀምጣ ይሆናል። የትም ካጣችኋት ግን ማን እንደተጎዳ ጠይቁ።