ባባይ ኢብን ሉጥፍና «ኪታብ-ኢ አኑሲ»፦ የተገደደ ሰው ታሪክ እንዴት ይነበባል?

የሰፈዊዎች ዘመን የኢራን ታሪክ በአብዛኛው የቤተ መንግሥት ጸሐፍት በተዉት መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ከደጅ የቆመ ምስክር ሲገኝ በችላ ሊታለፍ አይገባውም። የካሻኑ አይሁዳዊ ባለቅኔ ባባይ ኢብን ሉጥፍ እንዲህ ያለ ምስክር ነው። በፋርስኛ ቋንቋ፣ በዕብራይስጥ ፊደል የገጠመው «ኪታብ-ኢ አኑሲ» ከሻህ አባስ ቀዳማዊ እስከ ሻህ አባስ ዳግማዊ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1613 እስከ 1660 ገደማ፣ በወገኖቹ ላይ የደረሰውን ይተርካል። (ዑለማኦቻችን የአማርኛ መንዙማን በዐረብኛ ፊደል ስለ ጻፉ ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ ለአንባቢያችን እንግዳ አይሆንም።)

በቅኔነቱ ሲመዘን ሥራው መካከለኛ ነው። ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ የኦሪትን ታሪክ በፋርስኛ የገጠመው ሻሂን ሺራዚ ያለው ግርማ ባባይ ዘንድ የለም፤ ቋንቋው የገበያና የሰፈር ነው፣ የዘመናት ቅደም ተከተሉም ይዛነፋል።

ታሪክ ጸሐፊነቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ባባይ ራሱ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ከተገደዱት አንዱ ነበር። ይህም ሆኖ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ አልጫነም፤ የወገኖቹን የእርስ በርስ ጠብ ይወቅሳል፣ ከእነርሱ ወጥቶ አዋራጅ የባርኔጣ ትእዛዝ ያስወጣባቸውን አቡል ሐሰን ላሪንም በስሙ ይጠራል። ስለ ግዴታው የአርመኑ አራኬል ዘተብሪዝም ጽፏል፤ የቤተ መንግሥቱ «አባስ-ናማ»ም አይክድም።

ይህን መጽሐፍ የእስልምና ሸሪዓ ገጽታ አድርጎ የሚያነብ ተሳስቷል፤ የጠላት ስም ማጥፋት ነው ብሎ የሚጥለውም እንዲሁ። መልሱ በትረካው ፍጻሜ አለ። በዋና ሚኒስትሩ በሙሐመድ ቤግ ዘመን የተገደዱት ሰዎች ያለፈባቸውን ጂዝያ ከፍለው ወደ ሃይማኖታቸው እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው። በመስለማቸው ቢታመን ኖሮ መመለሳቸው ሪዳ ይባል ነበር። መንግሥቱ ያለፈውን ጂዝያ ሲቀበል ግን ሰዎቹ ቀድሞውንም ዚሚዮች እንደ ነበሩ አመነ፤ የሱረቱል በቀራህ 256ኛ አንቀጽ ፍርድ በግምጃ ቤት በኩል ዘግይቶ ተፈጸመ ማለት ነው። የቦሩ ሜዳን አዋጅ መዘዝ ከአያቶቹ የሰማ የወሎ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሐተታ አያሻውም።

ከዓሥርት ዓመታት በኋላ የልጅ ልጁ ባባይ ኢብን ፈርሃድ፣ ከ1722ቱ የአፍጋኖች ወረራ ወዲህ ካሻን ያየችውን መከራ በዚያው ፊደልና በዚያው ቋንቋ ገጠመ።