ዝናቡ ካባራ በኋላ
የፌርፖርት ኮንቬንሽን «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» ድምፁ ታድሶ ሲደመጥ

«ሊጅ ኤንድ ሊፍ»ን መጀመሪያ የሰማሁት ከካሴት በተገለበጠ ካሴት ነው። የሽፋን ወረቀት አልነበረውም፤ በእስክሪብቶ የተጻፈበት የባንዱ ስምም ግማሹ ጠፍቷል። ቴፑ ሲከፈት ከሙዚቃው በፊት የሚመጣው ሽሽታ ነበር፤ በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ። ከዝናቡ ጀርባ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ግማሹን ቃል እሰማለሁ፤ ግማሹን እገምታለሁ። ለብዙ ጊዜም ዝናቡን የዘፈኑ አካል አድርጌ ቆጥሬው ኖሬአለሁ። የጥንት ነገር ከሩቅ፣ ከጉም ውስጥ ሆኖ ነው መሰማት ያለበት ብዬ ሳላምን አልቀረሁም።

ከዓመታት በኋላ ይኸው አልበም ድምፁ ታድሶ በሲዲ እጄ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት ዘፈኖች ተጨምረውበት፣ በ2007 ደግሞ በሁለት ሲዲ ተስፋፍቶ ወጥቷል። የ2002ቱን ከፍቼ ስቀመጥ ዝናቡ አባርቷል። ዘፋኟ ከፊቴ ቆማለች፤ ከስንኝ ወደ ስንኝ ስትሻገር ትንፋሿን የምትስበው ሁሉ ይሰማል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥሁ። ለካ ያ ሁሉ ርቀት የካሴቱ ኖሯል! ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ድንጋጤ ነው። ድምፁ የታደሰ ሸክላ ያምራል ይባላል። ይህ አልበም ግን ከማማር ይልቅ ቀረበ። ሲቀርብም፣ ስለ ጥንት ዘመን የተሠራ ይመስለኝ የነበረው ሥራ ገና ባልሻረ ሐዘን መካከል የተሠራ መሆኑን ጆሮዬ ተረዳው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፌርፖርት ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ የወጣቶች ባንድ ነው። ሲጀምር ፊቱ ወደ አሜሪካ የዞረ ነበር፤ የቦብ ዲለንንና የመሰሎቹን ዘፈኖች ይጫወታል። በ1968 ድምፃዊቷ ሳንዲ ዴኒ ስትቀላቀል፣ ለንደን በሚገኙት የሕዝብ ዘፈን ክበቦች ስትዘፍናቸው የቆየቻቸው ነባር ዘፈኖች አብረዋት ገቡ። በ1969 መጀመሪያ ወራት «ኤ ሴይለርስ ላይፍ» የተባለውን የቆየ የመርከበኛ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታርና በቫዮሊን አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ተጫወቱት። አዲስ መንገድ ተከፈተ። በዚያ ቅጂ ላይ ድራም የሚመታው ማርቲን ላምብል ነው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1969 ንጋት ላይ፣ ከበርሚንግሃም ትርኢት ወደ ለንደን ሲመለሱ ኤም ዋን በተባለው አውራ ጎዳና ላይ መኪናቸው አደጋ ደረሰባት። ላምብል ሞተ፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። የጊታሪስቱ የሪቻርድ ቶምሰን ወዳጅ ጂኒ ፍራንክሊንም ሞተች። ሳንዲ በሌላ መኪና ነበረች። የተረፉት ከቁስላቸው ሲያገግሙ፣ ባንዱ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ፊታቸው ተደቀነ። መቀጠሉን መረጡ። የድሮ ዘፈኖቻቸውን ይዘው እንደ ድሮው መቀጠል ግን አልሆነላቸውም።

በዚያ በጋ ከዊንቸስተር ከተማ አጠገብ ፋርሊ ቼምበርሌን በተባለች የገጠር መንደር አንድ ሰፊ ቤት ተከራይተው ገቡ። ሁለት አዳዲስ ሰዎች መጡ፤ በሕዝብ ዘፈን ዓለም ስሙ የታወቀው ቫዮሊን ተጫዋች ዴቭ ስዋርብሪክና ከዳንስ ባንዶች የመጣው ድራመር ዴቭ ማታክስ። ቤዝ ጊታሪስቱ አሽሊ ሀቺንግስ ደግሞ ለንደን ወደሚገኘው ወደ ሴሲል ሻርፕ ሐውስ እየተመላለሰ መዝገብ ማገላበጥ ያዘ። ቤቱ ስሙን ያገኘው ከ1903 ጀምሮ በእንግሊዝ መንደሮች እየተዘዋወረ የገበሬውን ዘፈን በወረቀት ካሰፈረው ሰው ነው። ከሻርፕ በፊት አሜሪካዊው ምሁር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ የእንግሊዝንና የስኮትላንድን ተራኪ ዘፈኖች ሰብስቦ፣ 305 አድርጎ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ሀዘናቸው ያልወጣላቸው፣ አብዛኞቹ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ከዚህ መዝገብ ውስጥ ገቡ። በመኸሩም፣ አደጋው ከደረሰ ስድስት ወር ግድም፣ በፕሮዲዩሰሩ በጆ ቦይድና በድምፅ ባለሙያው በጆን ዉድ እጅ ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጹት። የአልበሙ ስም የተገጠመው ከሁለት የጥንት እንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ ወደ እኛ ስንመልሰው «ታማኝና ፈቃደኛ» እንደ ማለት ነው።

ድምፅ ማደስ ምን እንደሆነ ሳንናገር ብንቀጥል አንባቢን ማደናገር ይሆናል። አዳሹ ቫዮሊኑን ከጊታሩ ነጥሎ እንደ አዲስ አያቀናብርም። የሚሠራው ተቀናብሮ ባለቀው ክር ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ላይ ለዘመናት የተጋገረውን የጧፍና የዕጣን ጢስ እንደሚያጸዳ ሰው ነው። እጁ የሠለጠነ ከሆነ ከጢሱ ሥር የቅዱሱ ዓይን ይወጣል። እጁ የከበደ እንደሆነ ቀለሙንም አብሮ ይፍቀዋል። ከሲዲ መስፋፋት ወዲህ የብዙ አዳሾች በሽታ ድምፁን እስከ ጣሪያው ከፍ ማድረግ ሆኗል፤ ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል ይሆንና ዘፈኑ እስትንፋስ ያጣል። ይህኛው እትም በእኔ ጆሮ ከዚህ በሽታ ተርፏል። ዝግ ያለው ዝግ እንዳለ፣ የጎላውም እንደ ጎላ ነው።

ከጢሱ ሥር መጀመሪያ የወጣልኝ ድራሙ ነው። በካሴቱ ላይ የማታክስ ድራም በጎረቤት ቤት እንደሚወቀጥ ቡና ነበር የሚሰማኝ። አሁን ስሰማው ምን ያህል ቁጥብ እንደሆነ ገረመኝ። እንደ ዘመኑ የሮክ ድራመሮች ክፍተቱን ሁሉ አይሞላም። ዘፋኟ ስትናገር ይጠብቃል፤ ስትጨርስ ይመልሳል። በሟች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጥንቃቄ ነው ብል ምናልባት ከልክ በላይ መተርጎም ይሆንብኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ያወቀ ጆሮ ሌላ ነገር መስማት ይከብደዋል።

«ማቲ ግሮቭስ»ን እንውሰድ። ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ ተራኪ ዘፈን ነው። የመኳንንት ሚስት በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ወጣት አይታ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። አሽከር ሮጦ ለባሏ ይነግራል። ባል መጥቶ አልጋው ሥር ይቆማል፤ ራቁቱን ሰው ገደለ እንዳይባል ልጁን አስነሥቶ ሰይፍ ይሰጠውና ይገድለዋል። ሚስቱ ከአንተ ሬሳውን እመርጣለሁ ስትለው እሷንም ይገድላታል። በመጨረሻ በአንድ መቃብር እንዲቀበሩ ያዝዛል፤ እሷ የጨዋ ዘር ናትና ከላይ ትሁን ይላል። ይህን ሁሉ ሳንዲ ዴኒ ያለ አንዲት ልቅሶ ትዘፍነዋለች። ድምፁ በጠራ ቁጥር የሚያስደነግጠው ይኸው ነው። ባልየውን ስትሆን ድምፅዋን አታጎረንንም፤ ሚስቲቱን ስትሆን አታለቅስም። ለቅሶ ቤት ገብታ የሆነውን ለዘመድ በቅደም ተከተል እንደምትነግር ሴት ናት። ታሪኩ ሲያልቅ ቃል ይቆምና ጊታሩና ቫዮሊኑ እየተሯሯጡ ይወጣሉ። እሷ ያልለቀሰችውን እነሱ ያለቅሱታል።

«ታም ሊን»ም ከቻይልድ መዝገብ የመጣ ነው፤ ቁጥሩ 39። የተረት ንግሥት የወሰደችውን ወጣት፣ ያረገዘችለት ልጃገረድ ከንግሥቲቱ እጅ የምታስጥልበት ታሪክ ነው። አውሬ እየሆነ ሲለዋወጥ አቅፋ መያዝ አለባት፤ ከለቀቀችው ጠፋ። ባንዱ ይህን በሚያነክስ ምት ነው የሚጫወተው፤ እግር ሊያርፍበት ሲል ምቱ ይሸሻል። ወዳጆቻቸውን አውራ ጎዳና ላይ ያጡ ልጆች፣ የያዘችውን አልለቅም ስላለች ሴት የሚተርክ ዘፈን መምረጣቸውን እንደ አጋጣሚ ብቻ ማየት ያስቸግረኛል። «ሬናርዲን» ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከበሮው ይንሾካሾካል፣ ቫዮሊኑ ይጎትታል፣ ድምፅዋ ብቻዋን ትሄዳለች። ከእድሳቱ የበለጠ የተጠቀመው ዘፈን እሱ ይመስለኛል።

ነገር ግን የአልበሙ ልብ ያለው ከመዝገብ ባልወጡት ዘፈኖች ውስጥ ነው። «ፌርዌል ፌርዌል» ዜማው የጥንት፣ ቃሉ የሪቻርድ ቶምሰን ነው፤ የስንብት ዘፈን ነው፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የመዝጊያውን «ክሬዚ ማን ማይክል» ቃል ቶምሰን፣ ዜማ ስዋርብሪክ ሠሩት። አንድ ሰው የሚወዳትን በእጁ እንደሚገድል ቁራ ትነግረዋለች። ተቆጥቶ ቁራይቱን ይወጋታል። የወደቀችው ፍቅረኛው ሆና ያገኛታል። ቶምሰን ይህን ሲጽፍ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ወዳጁን የቀበረውም በዚያው ዓመት ነው። ስለ ራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። የሦስት መቶ ዓመት ልብስ ተውሶ ለበሰና ሐዘኑን በዚያ ሸፈነው። አልበሙን ታላቅ ያደረገው ይህ ይመስለኛል። የጥንቱ ዘፈን ጠቅሟቸዋል፤ ራቁቱን ሊነገር የማይችለውን ነገር የሚያለብሱበት ጨርቅ ሆኗቸዋል።

በዚህ ረገድ ባሕል በኤሌክትሪክ ተበላሸ እያሉ ለሚያማርሩት መልስ የሚሆን ይገኛል። ነባር ዘፈን በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ዕቃ ከሆነ ጊታሩ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው። ዘፈኑ የኖረው ግን ሁልጊዜ ያዘነ ሰው እየተዋሰው ነው። የእኛ አዝማሪም የአባቱን ዜማ ይዞ የዛሬውን ቅሬታ ያስገባበታል፤ አድማጭም የሚያደንቀው ዜማው ሳይነካ በመቅረቱ ሳይሆን ነገሩ በመግባቱ ነው።

የሚነቀፍም አለ። መክፈቻው «ካም ኦል ዬ» ዛሬ ሲሰማ የመግለጫ ጠረን አለው፤ ሰዎቹ ሊሠሩ ያሰቡትን ከመሥራት ይልቅ ያውጃሉ። በመሐል ያለው የጭፈራ ዜማ ቅልቅል ለስዋርብሪክ ጣቶች ትርኢት ይሁን እንጂ የአልበሙን መንፈስ አይጨምርም። ትልቁ ቅሬታዬ ግን በአሳታሚው ላይ ነው። የመጀመሪያው ሸክላ የሚያበቃው በ«ክሬዚ ማን ማይክል» ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። የ2002ቱ ሲዲ ከዚያ አስከትሎ ከዚያው ቀረጻ የቀሩ ሁለት ዘፈኖች ያሰማል። ዘፈኖቹ መጥፎ አይደሉም። ሆኖም ሬሳ ወጥቶ ለቀስተኛ ሳይበተን ሌላ ጨዋታ እንደ መጀመር ነው። አንባቢ ሲዲውን ከገዛ፣ ስምንተኛው ዘፈን ሲያልቅ እንዲያጠፋው እመክራለሁ። ሽፋኑም ተጎድቷል፤ በሸክላው የውስጥ ገጽ ላይ ስለ ዘፈን ሰብሳቢዎችና ስለ ገጠር ልማዶች የነበረው ሥዕልና ማብራሪያ በሲዲው መጠን ሲያንስ ማጉሊያ መነጽር ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. 1969 ለእኛም ባዶ ዓመት አልነበረም። አምሐ እሸቴ በአዲስ አበባ የሸክላ ማሳተም ሥራውን የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። እነዚያ ሸክላዎች ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ በሲዲ ሲወጡ፣ ብዙዎቻችን በካሴት ሽሽታ ውስጥ የለመድናቸውን ድምፆች እንደ አዲስ ሰማን። ያን ጊዜ «የድሮው ይሻላል፣ ይሄኛው ትዝታውን አጠፋው» ያለ ወዳጅ ነበረኝ። አሁን ስገምት፣ የጠፋበት የራሱ ወጣትነት ይመስለኛል፤ ሙዚቃውማ ገና መድረሱ ነበር።

ባንዱ ከዚህ አልበም በኋላ እንደዚያው ሆኖ አልቆየም። ሸክላው በታኅሣሥ 1969 ገበያ ሳይወጣ ሳንዲና ሀቺንግስ ለቅቀው ሄደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የቢቢሲ ራዲዮ 2 አድማጮች ከሕዝብ ዘፈን አልበሞች ሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያሳደረ ብለው መረጡት። በ2007 የቀሩት አባላት በክሮፕሬዲ ፌስቲቫል ላይ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሲጫወቱት የሳንዲን ቦታ የያዘችው ክሪስ ዋይል ነበረች። ሳንዲ በ1978፣ በሠላሳ አንድ ዓመቷ አርፋለች። ስዋርብሪክም በ2016 ተከተላት።

አሮጌው ካሴት ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አልጣልሁትም። ሳዳምጥ ግን ሲዲውን ነው የማነሣው። «ፌርዌል ፌርዌል» ሊጀምር ሲል፣ ከመጀመሪያው ቃል በፊት፣ ሳንዲ ዴኒ ትንፋሿን ትስባለች። ካሴቱ ላይ ያ ትንፋሽ አልነበረም፤ ዝናቡ ወስዶት ነበር።