ፋይሉ ሙሉ ነው፤ ሠራተኛውስ የት ሄደ?

በልደታ ማርያም በኩል ካለፋችሁ የልደታ ፍርድ ቤትን ታውቁታላችሁ። አሠሪና ሠራተኛ ሲካሰሱ ማስረጃ ይፈለጋል፦ ውል፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የፈቃድ ቅጽ። ጉዳዩ እዚያ ሳይደርስ ድርጅቱ ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ አለ፤ የሰው ሀብት ኦዲት ይባላል። ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ሕጉ ተከብሯል? አሠራሩስ ውጤት ያመጣል?

ለመጀመሪያው መለኪያው ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ ደግሞ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን። ኦዲተሩ ፋይል ይከፍታል፣ ፊርማ ያያል፣ ምልክት ያደርጋል። ጠቃሚ ሥራ ነው። ግን እዚያ ላይ ካበቃ አደገኛ ነው።

ለምን? በካራቺ፣ ፓኪስታን፣ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ስለ ሠራተኛ አያያዙ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አገኘ። ሴፕቴምበር 11 ቀን ተቃጠለ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። መውጫዎች ተቆልፈው፣ መስኮቶች በብረት ታጥረው ነበር። ወረቀቱ ግን "አልፏል" ይል ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ከፋይል ጭራሽ አይመለስም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ከአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ጋር ሆነው፣ ወደ 1,000 ከሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎች የተወሰኑትን በዕጣ ቀጥረው ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። የጤና ችግርም ጨመረ።

እስቲ አስቡት፦ በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣ ኦዲተር ማንን ያነጋግራል? የቀሩትን! ከአሥር ሰዎች ሰባት ስምንቱ ሄደዋል፤ የቀሩት ሁለት ሦስቱ "ደህና ነው" ቢሉ ሪፖርቱ ያማረ ይሆናል። የተረፈውን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሁሉም መደምደም ሳይንስ አጥብቆ የሚጠነቀቅለት ስሕተት ነው።

ስለዚህ ጥሩ ኦዲት የለቀቁትን ፈልጎ ይጠይቃል፤ በስንተኛው ሳምንት እንደሄዱ ይቆጥራል፤ በሩ መከፈቱንም በእጁ ገፍቶ ያረጋግጣል። እናንተም ነገ ለሥራ ስትቀርቡ "ደመወዙ ስንት ነው?" ብላችሁ ብቻ አታብቁ። "ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ ላይ የነበረው ሰው ለምን ሄደ?" በሉ። መልሱን የማያውቅ ድርጅት ፋይሉ ቢሞላም ራሱን ገና አልፈተሸም።