ንግግሩ ያልተጻፈለት አጽናኝ

ከወጣቶች ኅብረቶች የሚወጡ ድራማዎችንና አጫጭር ልብ ወለዶችን የተከታተለ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ በደንብ ያውቃል። ስሙ ይለያያል፤ አንዳንዴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አንዳንዴ የመዘምራን መሪ፣ አንዳንዴም ከውጭ አገር የተመለሰ አጎት ነው። ሥራው ግን አንድ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፈተና ወድቃ፣ ወይም እጮኛዋ ትቷት፣ ወይም ሥራ አጥታ አልጋ ላይ ተጋድማ ስታለቅስ በሩን ከፍቶ ይገባል። ወንበር ይስባል፤ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ያህል ይናገራል። በንግግሩ ውስጥ ቢያንስ አራት ጥቅስ አለ። ኪቦርዱ ከኋላ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ትነሣለች፣ መዝሙር ይገባል፣ መጋረጃው ይዘጋል።

ይህን ሰው “አጽናኙ” እንበለው። እንደ ገጸ ባሕርይ ደካማ ነው፤ የደከመው ደግሞ ንግግሩ ስለ ረዘመ ብቻ አይደለም። የሚናገረው ምንም አያስከፍለውም። ከመምጣቱ በፊት የት እንደ ነበረ አናውቅም፣ ከሄደ በኋላም ተመልሶ አይመጣም። ቃሉ ትክክል ነው፣ ጥቅሱም በቦታው ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ልጅቷ ባትነሣም የሚጎድልበት ነገር የለም። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ እቤቱ በእውነት ተኝቶ የቀረው ወንድማችን ግን አሁንም እንደ ተኛ ነው።

የሚገርመው፣ የተሻለ የአጽናኝ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ በእጃችን ነው። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ያለውን በርናባስን ማለቴ ነው። ብዙ ተሰብኮበታል፤ እኔም በሰንበት ትምህርት ክፍል አስተምሬዋለሁ። እዚህ ግን ስብከቱን ለጊዜው እናቆየውና እንደ ትረካ እናንብበው። ጥያቄያችን አንድ ይሁን፦ ሉቃስ አንድን አጽናኝ ሰው እንዴት አድርጎ ጻፈው?

መጀመሪያ የሚሰጠን ስሙን ነው (ሐዋ. 4፥36)። ቀድሞ ዮሴፍ ይባላል፤ በርናባስ ያሉት ሐዋርያት ናቸው፤ ሉቃስም ትርጉሙን “የመጽናናት ልጅ” ብሎ ይነግረናል። በግሪኩ ያለው ቃል ፓራክሌሲስ ነው። ጰራቅሊጦስ የሚለውን ቃል የምታውቁ ዝምድናውን ወዲያው ታያላችሁ። የሥሩ ትርጉም ወደ አጠገብ መጥራት ሲሆን፣ እንደ አገባቡ ማጽናናት፣ ማበረታታት፣ መምከር፣ መለመንም ይሆናል። ይህ ስም ከወላጅ ምኞት የመጣ አለመሆኑን ልብ በሉ። የሰፈር ልጆች ቅጽል ስም ሲያወጡ ሰውየው ደጋግሞ የሚያደርገውን ዐይተው ነው፤ ሐዋርያትም ያደረጉት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ይናገራል ብለን እንጠብቃለን። ሉቃስ ደግሞ በንግግር የሚሰስት ጸሐፊ አይደለም። ጴጥሮስ በጰንጠቆስጤ ቀን የሰበከውን ጽፎልናል። የእስጢፋኖስ ንግግር ምዕራፍ 7ን ከሞላ ጎደል ለብቻው ይይዛል። ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ የተናገረው አለ፤ የፈሪሳዊው የገማልያል ምክር አለ፤ የጠበቃው የጠርጠሉስ ሽንገላ ሳይቀር አለ። የኤፌሶን ከተማ ጸሐፊ እንኳ፣ ክርስቲያንም ያልነበረው ሰው፣ ሕዝቡን ወደየቤቱ ለመበተን የተናገረው ከነዝርዝሩ ተጽፎለታል (19፥35-40)። በርናባስ ለብቻው የተናገረው ግን አንድም ዓረፍተ ነገር በቀጥታ አልተጻፈም። ከጳውሎስ ጋር በጋራ የተናገሩት ሁለት ቦታ እናገኛለን (13፥46፤ 14፥15)፤ ሌላው ሁሉ ሉቃስ በራሱ ቃል ያሳጠረው ነው።

በልስጥራ የሆነው ነገር ይህንኑ ያጎላዋል። ሕዝቡ አማልክት ወረዱልን ብሎ ሲጮኽ በርናባስን ድያ አለው፣ ጳውሎስን ግን ሄርሜን አለው፤ ምክንያቱም ዋናው ተናጋሪ ጳውሎስ ነበር (14፥12)። የልስጥራ ሰዎች ስለ እግዚአብሔር ተሳስተዋል፤ ከሁለቱ የትኛው አፈ ጉባኤ እንደ ሆነ ግን በትክክል ዐይተዋል። የመጽናናት ልጅ የተባለው ሰው አፈኛው አልነበረም።

ታዲያ በንግግር ፋንታ ሉቃስ ምን ይሰጠናል? ግሶች። ምዕራፍ 9 ላይ ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም ይመጣል። ደቀ መዛሙርቱን ሊቀላቀል ይሞክራል፣ እነርሱም ይፈሩታል፤ ደቀ መዝሙር መሆኑን አላመኑም። ፍርሃታቸው የእምነት ጉድለት ነው ብለን እንዳንቸኩል፤ እስጢፋኖስ ሲወገር ልብስ ይጠብቅ የነበረው፣ ቤት ለቤት እየገባ ወንድና ሴቱን ወደ ወኅኒ ያስጎተተው ይኸው ሰው ነው። ከወኅኒ ዘመድ ያላቸው ሰዎች በጉባኤው ውስጥ ይኖሩ ይሆናል። በዚህ መካከል በርናባስ ወሰደው፣ ወደ ሐዋርያት አመጣው፣ ነገራቸው (9፥27)። ሦስት ግስ።

ሦስተኛው ግስ ላይ ትንሽ እንቆይ። በርናባስ በዚህ ቦታ ይናገራል፤ ለማን ነው የሚናገረው? ለሳውል አይደለም። ስለ ሳውል ለሌሎች ነው። ጌታን በመንገድ እንዴት እንዳየ፣ በደማስቆም በኢየሱስ ስም እንዴት በድፍረት እንደ ሰበከ ይተርክላቸዋል። ይህንን በእኛ ድራማዎች ውስጥ አይቼው አላውቅም። የእኛ አጽናኝ ሁልጊዜ ፊቱን ወደሚያለቅሰው ሰው አዙሮ ይናገራል። የሉቃስ አጽናኝ ጀርባውን ለሳውል ሰጥቶ፣ በር ወደ ዘጉት ሰዎች ዞሮ ይናገራል። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ሥራ የሚሆን ጥሩ ቃል አለ፤ ዋስ ሆነለት እንላለን። ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ ተጠሪው ቢጠፋ ራሱ ይጠየቃል። ሳውል ሰላይ ሆኖ ቢገኝ የመጀመሪያው ተጠያቂ በርናባስ ነበር።

ይህን የምለው ለጽሑፍ ጥበብ ብቻ አይደለም። በየኅብረታችን ለሁለት ዓመት ጠፍቶ የተመለሰ ልጅ አለ። በመግቢያው ላይ ሁላችንም “እንኳን ደህና መጣህ” እንለዋለን፤ እናቅፈዋለን። ስብሰባው አልቆ አስተባባሪዎቹ ለብቻቸው ሲቀመጡ ስሙ ሲነሣ ግን “እሱን እንኳ እንተወው፣ ትንሽ እንየው” ይባላል። ያ ልጅ በርናባስ የሚያስፈልገው በመግቢያው ላይ ሳይሆን በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው በሌለበት ስለ እርሱ መናገርን ሐሜት ብለን ስለምናውቀው፣ በሌለበት መልካሙን መመስከርም የአገልግሎት ዐይነት መሆኑን የረሳነው ይመስለኛል።

ቀጣዩ ትዕይንት አንጾኪያ ነው (11፥22-26)። በርናባስ ከኢየሩሳሌም ተልኮ ነው የሄደው፤ ያልተለመደ ነገር ስለ ተሰማ ሊያጣራ ነው ማለት ይቻላል። ሉቃስ እንደገና በግስ ይሄዳል፤ የእግዚአብሔርን ጸጋ አየ፣ ደስ አለው፣ መከራቸው። ቅደም ተከተሉ ለእኛ ለአስተማሪዎች የሚያሳፍር ነው፤ እኛ አብዛኛውን ጊዜ መምከር እንጀምርና ደስታውን ለመጨረሻው ጸሎት እናቆየዋለን። ከዚያ ሥራው ሲበዛ ሳውልን ፍለጋ ወደ ጠርሴስ ተነሣ። በየብስ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ ለሚሄድ ሰው 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። መልእክት ልኮ “በርታ፣ እየጸለይኩልህ ነው” ማለት ይችል ነበር። ሄዶ አመጣው፣ አንድ ዓመት ሙሉም አብረው አስተማሩ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመረዳት የስሞቹን ቅደም ተከተል ብቻ መከታተል ይበቃል። ለጉዞ ሲለዩ “በርናባስና ሳውል” ነው (13፥2)። ቆጵሮስን ካለፉ በኋላ “ጳውሎስና ጓደኞቹ” ይሆናል፤ ከዚያም በአብዛኛው “ጳውሎስና በርናባስ”። ሉቃስ ስለዚህ ለውጥ አንድ ቃል አይናገርም፣ በርናባስም ሲያጉረመርም አናይም። ሰውን ማበረታታት ቀላል የሚሆነው ከእኛ በታች እስካለ ድረስ ነው፤ ያበረታታነው ሰው ቀድሞን ሲያልፍ ምን እንደምንሆን ማንም ቀድሞ አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። “አይዞህ” እና “በርታ” በአጠቃቀም አንድ አይደሉም። “በርታ” ከአድማጩ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ተነሥ፣ ሥራ፣ ጨርስ። “አይዞሽ” ግን የሚባለው ለወደቀ ሕፃን፣ ለታመመ፣ ለቅሶ ቤት ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ከተናጋሪው መቅረብ በስተቀር ምንም አይጠይቅም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ (1ኛ ተሰ. 5፥14) ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ሥርዓት ለሌላቸው ተግሣጽ፣ ለደነገጡ ማጽናናት፣ ለደካሞች ድጋፍ፣ ለሁሉም ትዕግሥት ይመድባል። ለደከመ ሰው “በርታ” ማለት ሸክም መጨመር ሊሆን ይችላል። በጽሑፎቻችን ውስጥ ያለው አጽናኝ ግን ለአራቱም አንድ መድኃኒት ነው የሚያዝዘው።

ከዚህ የከፋም አለ። ኤርምያስ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝቡ ፊት እጅግ የሚያበረታታ ቃል ይናገራል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ይላል። ኤርምያስ መጀመሪያ አሜን ነው ያለው፤ እውነት እንዲሆን እርሱም ይመኝ ነበርና። ቃሉ ግን ከእግዚአብሔር አልነበረም። በሚቀጥለው ምዕራፍ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ የሚል ነው። በየቲሸርቱና በየቴሌግራሙ የምንለዋወጠው ስለ ተስፋና ስለ ፍጻሜ የሚናገረው ቁጥር 11 የሚገኘው እዚያ ነው፤ ቁጥር 10 ላይ ሰባ ዓመት የሚል እንዳለ ግን ቲሸርቱ አይነግረንም። ደብዳቤው ሲደርስ በጎልማሳ ዕድሜ የነበሩት አብዛኞቹ መመለሱን አያዩም ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ደብዳቤው የሚያጽናና ነው፤ እንዲያውም እውነቱን ስለ ተናገረ በእርሱ ላይ ቤት ሊሠራበት ይቻላል። “ዘንድሮ ያንተ ዓመት ነው” የሚለው ገጸ ባሕርይ ታኅሣሥ ላይ ሲነገረው ደስ ያለው ልጅ ነሐሴ ላይ የት እንዳለ የሚጽፍልን ደራሲ እስካሁን አላገኘንም።

በርናባስንም ግን ከሰው በላይ አናድርገው። ገላትያ 2፥13 ላይ ጳውሎስ፣ በአንጾኪያ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ማዕድ ራሱን ሲለይ በርናባስ እንኳ በግብዝነታቸው እንደ ተወሰደ ይጽፋል። “እንኳ” የምትለዋ ቃል ሐዘን አለባት። ከሁሉ ጋር መስማማት የሚወድ ሰው አንድ ቀን ዝም ማለት በማይገባው ቦታ ዝም ሊል ይችላል፤ የማበረታታት ስጦታ ያላችሁ ወጣቶች ይህን ጥቅስ አስምሩበት።

የመጨረሻው ትዕይንት ጠብ ነው (15፥36-39)። ዮሐንስ ማርቆስ በጵንፍልያ ጥሎአቸው ተመልሶ ነበር። ለሁለተኛው ጉዞ በርናባስ ሊወስደው ይፈልጋል፣ ጳውሎስ ደግሞ አይሆንም ይላል። ጳውሎስ ምክንያት ነበረው፤ ሥራው አደገኛ ነው፣ ልጁም አንዴ ጥሏቸው ሄዷል። ጭቅጭቁን ለመግለጽ ሉቃስ የተጠቀመበት ግሪክኛ ቃል ፓሮክሲስሞስ ነው። ይህ ስም በአዲስ ኪዳን ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ ሁለተኛው ዕብራውያን 10፥24 ላይ ነው፤ እዚያ ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እርስ በርስ መነቃቃትን ያመለክታል። አንዱ ቃል የሚያቆስለውንም የሚያነቃውንም ፍላት ይይዛል። በርናባስ ለአንድ ሰነፍ ለተባለ ልጅ ሲል፣ ራሱ ዋስ ሆኖ ካስገባው ወዳጁ ጋር ተለያየ። በምዕራፍ 9 ለሳውል ያደረገውን አሁን በሳውል ፊት ለማርቆስ ያደርጋል፤ ትረካው በዚህ ላይ ምንም ማብራሪያ አይጨምርም።

ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ሄደ፤ ሉቃስም ስለ በርናባስ ከዚህ በኋላ አንድ መስመር አልጻፈም። ታሪኩ ከጳውሎስ ጋር ይቀጥላል። በመርከቡ ላይ ለልጁ ምን እንዳለው፣ “አይዞህ” ይሁን ሌላ፣ ወይም ዝም ብሎ አጠገቡ ተቀምጦ ይሁን፣ አልተነገረንም። የእኛ ድራማ ቢሆን ኪቦርዱ የሚጀምረው እዚያ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለጢሞቴዎስ ይጽፋል፤ ማርቆስን ይዘህ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። በዚያው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ከእርሱ ጋር የቀረው አንድ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። እርሱም ሉቃስ ነው።