ስምዎ ሲፈለግ ምን ይገኛል?

ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ገና ሳይቀመጡ የሚናገሩት ቃል «አጥፋልኝ» የሚል ነው። ስማቸውን ጎግል ላይ ሲጽፉ የቆየ የክስ ዜና፣ የፌስቡክ ስድብ ወይም የማያውቁት ሰው የለጠፈው ፎቶ ይወጣባቸዋል። ሥራዬ የሰው ስም ሲፈለግ የሚገኘውን ነገር ማስተካከል ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ማጥፋት ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ስለ ሰውየው እውነት ሆኖ ሳለ ማንም ያልጻፈውን መጻፍ፣ ጎደሎ የተጻፈውን ደግሞ ማስሞላት ነው። ይህን ስነግራቸው የብዙዎቹ ፊት ይጠቁራል፤ ገንዘብ ከፍለው በአንድ ቀን የሚገላገሉት ነገር መስሏቸው ነው የሚመጡት።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ አስታውሳለሁ። ይሠራበት በነበረው ድርጅት ከግዥ ጋር በተያያዘ ከሌሎች ጋር ተከሶ፣ ብዙ ተመላልሶ፣ በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናብቶታል። የተከሰሰ ዕለት ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ በዜና ወጣ። የተሰናበተ ዕለት ግን ማንም አልጻፈም። ከዓመታት በኋላ ሥራ ሲያመለክት ቃለ መጠይቁ በደህና ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚደውልለት የለም። ምክንያቱን ሲያጣ ስሙን ፈለገ፤ አንደኛ ሆኖ የመጣው ያ የክስ ዜና ነበር። «ወንድሜ፣ የፈለግኸውን ልክፈልህ፣ ብቻ ይህን አጥፋልኝ» አለኝ።

ፍለጋው እንዲህ የሚያደርገው ቂም ኖሮት አይደለም። የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የነደፉት ዘዴ መሠረቱ ሌሎች ብዙ ገጾች የሚጠቁሙትን ገጽ ማስቀደም ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መመዘኛዎች ተጨምረውበታል፤ ያም ሆኖ ጥፋተኛውን ከንጹሑ የሚለይ ዳኛ አልሆነም። ሰፈር ገብተው ቤት የጠየቁት ሰው ሁሉም የሚያውቀውን ቤት እንደሚጠቁምዎ ነው። የዜና ድረ ገጽ የታወቀ ቤት ነው። የሒሳብ ባለሙያው ደግሞ ከዚያ ዜና ውጭ ስሙ የተጻፈበት አንድም ገጽ አልነበረውም።

የመጀመሪያ ሥራችን የውሳኔውን ግልባጭ ከፍርድ ቤት ማውጣት ሆነ። ቀጥሎ ለአርታኢው ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው «አጥፉልን» አይልም። ዜናው በወጣበት ቀን ትክክል እንደነበረ አምኖ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲጨመርበት ይጠይቃል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። አርታኢ ማኅደሩን ሲነኩበት ይቆጣል፣ መቆጣቱም ተገቢ ነው፤ ማስረጃ ተያይዞለት ዜናህን ሙሉ አድርግ ሲባል ግን እምቢ የሚልበት ምክንያት ያንሰዋል። ከዜናው አናት ላይ ግለሰቡ በነጻ መሰናበታቸውን የሚገልጽ መስመር ከነቀኑ ገባ። ጎግል ግን የድሮውን ቅጂ ይዞ ስለነበር ጊዜ ያለፈበት ይዘት እንዲታደስ በሚጠየቅበት ቅጽ አመለከትን። ዜናውን ገልብጠው ለለጠፉ ሌሎች ገጾችም ተራ በተራ ጻፍን፤ አንዳንዶቹ አስተካከሉ፣ አንዳንዶቹ ዝም አሉ።

ጎን ለጎን ሰውየው ስለ ራሱ መጻፍ ጀመረ። ሊንክድኢን ላይ የሥራ ታሪኩን ከፈተ፣ ስለሚያውቀው የግብር ሕግ አጫጭር ማብራሪያዎች ጻፈ፣ በስሙ የተመዘገበ ትንሽ ድረ ገጽ አዘጋጀን። ዜናው ዛሬም አለ። የሚያነበው ሰው ግን መጨረሻውንም ያነባል። በኋላ የቀጠረው ድርጅት ስለ ጉዳዩ ፊት ለፊት ጠይቆታል፤ እሱም ግልባጩን አሳይቷል።

ደንበኞቼ አውሮፓ ሲኖሩ መንገዱ ሌላ ነው። ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንሳሌዝ የተባለ ስፔናዊ፣ በማኅበራዊ ዋስትና ዕዳ ምክንያት ንብረቱ ለጨረታ መቅረቡን የሚገልጽ የ1998 እ.ኤ.አ. የጋዜጣ ማስታወቂያ ስሙ በተፈለገ ቁጥር ይወጣበት ስለነበር አቤት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ ሰው በስሙ ሲፈለግ የሚወጣው መረጃ ጊዜ ያለፈበት ወይም አግባብነት የሌለው ከሆነ ከፍለጋው ውጤት እንዲወጣ መጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። ማስታወቂያው ከጋዜጣው ማኅደር አልተሰረዘም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብም ይህን መብት ይዟል። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ላለ ሐበሻ ይህ ሁነኛ መሣሪያ ነው፤ ይሁንና ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ጎግል ውጤቱን በመላው ዓለም የማንሣት ግዴታ እንደሌለበት ስለወሰነ፣ እዚያ የማይታየው አዲስ አበባ ሆኖ ለሚፈልግ ሊታይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰፊ መብት የለም። በእኛ አገርም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 ክብርና መልካም ስምን ያስከብራል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ወጥቷል። እስካሁን በተግባር ከማንኛውም አንቀጽ በላይ የጠቀመኝ ግን በጨዋነት የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

ስለ እኛ ስም አጻጻፍ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከየትኛውም የውጭ መማሪያ ላይ የማይገኘው የዚህ ሙያ ችግር እዚህ ነውና። የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ የሚባል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ስንት እንዳለ ያስቡት፤ የአንዱ ወንጀል በሌላው ስም ላይ ይወድቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአባቱ ስም የተመረቀ ሰው ዋሽንግተን ሲገባ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገብለትና ሁለት ሰው ይሆናል። ዮሐንስን በላቲን ፊደል አንዱ በሁለት ኤን፣ ሌላው በአንድ ኤን፣ ሦስተኛው በጄ ጀምሮ ይጽፈዋል። በራሳችን ፊደል እንኳ ፀሐይ የሚለው ስም በጸ እና በፀ፣ በሀ፣ በሐ እና በኀ ብቻ ሲቀያየር ስድስት መልክ አለው። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ፍለጋውም ሁልጊዜ አያገናኛቸውም። ገብረ መድኅን አንድ ቦታ ተያይዞ፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ፣ ሌላ ቦታ ገ/መድኅን ተብሎ ይጻፋል።

ስለዚህ ደንበኛዬን አስቀድሜ የማስደርገው አንድ አጻጻፍ መምረጥ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን በላቲን፣ አንድ ቋሚ አጻጻፍ በግእዝ ፊደል፤ እስከ አያት ድረስ። ከዚያ በኋላ የትም ቦታ፣ በጥናት ጽሑፍም ሆነ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ፣ በፎቶው ስያሜም ሳይቀር ያንኑ ይጽፋል። ስሙ በተበታተነ ሰው ላይ አንድ መጥፎ ገጽ በቀላሉ ይሠለጥንበታል። ሞክሼ ያለው ሰው ደግሞ ሙያውንና ከተማውን ከስሙ አጠገብ ያድርግ።

ሲናደዱ የሚሠሩት ነገር ከተጻፈባቸው ይልቅ የሚጎዳቸው ብዙ ናቸው። የሰደባቸውን ገጽ ሊንክ «ተመልከቱልኝ» ብለው ያሠራጫሉ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ስማቸውን እየጠሩ ይከራከራሉ፤ ገጹም ይበልጥ ይታወቃል። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ባርብራ ስትራይሳንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የቤቷ ፎቶ ከካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ፎቶዎች ስብስብ እንዲወጣ 50 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ስትከስ፣ ፎቶው ከዚያ በፊት የወረደው 6 ጊዜ ብቻ ነበር። ክሱ ከተሰማ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ከ400,000 በላይ ሰዎች ድረ ገጹን ጎበኙ። በቴሌግራም «ከጎግል እናጠፋለን» የሚሉትንም አይመኑ። አንዳንዶቹ በዓለም የታወቀ ማጭበርበር ይጠቀማሉ፤ ዜናውን ገልብጠው ወደኋላ በተጻፈ ቀን ይለጥፉና የቅጂ መብታችን ተጣሰ ብለው ያመለክታሉ። ጎግል እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን ሉመን ለተባለ የሕዝብ ማኅደር ስለሚልክ፣ ማጭበርበሩ ራሱ አንድ ቀን በስምዎ ሊወጣ ይችላል።

የማልቀበላቸውም አሉ። ቤት ሠርቼ አስረክባለሁ ብሎ የሰው ገንዘብ የበላ ነጋዴ፣ የተበዳዮቹ አቤቱታ ከመጀመሪያው ገጽ እንዲወርድለት ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ገንዘባቸውን እንዲመልስ ነግሬው አሰናብቼዋለሁ። ነገ ሌላ ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ያንን አቤቱታ የማንበብ መብት አለው። ያለፈቃዳቸው የገመና ፎቷቸው የተለጠፈባቸው ሴቶች ሲመጡ ግን ሌላውን ሥራ አቆማለሁ። እዚያ ላይ ማስሞላት የሚባል ነገር የለም፤ መጥፋት አለበት፣ ጎግልም ለዚህ የተለየ መጠየቂያ አለው፣ ለፖሊስም ማመልከት ይቻላል። ከማስነሣታችን በፊት ግን አድራሻውንና የገጹን ምስል ለማስረጃ እናስቀምጣለን።

ልመናዬ ዜና ለምትጽፉና ድረ ገጽ ለምታስተዳድሩ ሁሉ ነው። የሰው ስም ጠቅሳችሁ የክስ ዜና ካወጣችሁ መዝገቡን እስከ ፍርዱ ተከታተሉት። ሰውየው በነጻ ከተሰናበተ፣ ግልባጩን ይዞ ደጃችሁን እስኪያንኳኳ ሳትጠብቁ፣ ከድሮው ዜና አናት ላይ አንድ መስመርና ቀን ጨምሩ።