የማይዘጋው የቤተሰብ መዝገብ

በእኛ «ምሁራን» ዘንድ የወንጀልና የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ብዙም አይከበርም። እኔ ግን በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ነገር እንዴት እንደተገጣጠመ ማየት ስለምወድ፣ ኖራ ሮበርትስ ጄ. ዲ. ሮብ በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የጻፈቻቸውን የኢቭ ዳላስ ልብ ወለዶች ሳላፍር አነባለሁ። ዛሬ ከ60 በልጠዋል። በታሪኩ ውስጥ ያለፈው ጊዜ ግን ከ2058 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

ይህ አዝጋሚ ሰዓት ዋናው ብልሃት ይመስለኛል። ኢቭ በኒውዮርክ የግድያ ወንጀል መርማሪ ናት፤ በስምንት ዓመቷ የደፈራትን አባቷን ገድላለች። በየመጽሐፉ መጨረሻ ነፍሰ ገዳዩ ይያዛል፤ የእሷ ቅዠት ግን ቶሎ አይለቃትም። በ2011 በወጣው ቅጽ ወደ ዳላስ ተመልሳ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ስትገናኝ፣ እናቲቱ ልጇን አታውቃትም። ከግድያዎቹ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኸው ነው።

ቅር የሚለኝ ባሏ ሮርክ ነው። ደብሊን ውስጥ በአባቱ ዱላ ያደገ፣ በኮንትሮባንድ የከበረ ሰው ነው። ምርመራው በተሰናከለ ቁጥር በድብቅ ኮምፒውተሩ ሕግ የሚከለክለውን መረጃ ያወጣላታል፤ ልብ አንጠልጣይነቱም እዚያው ይረግባል። ኢቭ ብትነጫነጭም ደራሲዋ ዋጋ አታስከፍለውም። በ2003ቱ ቅጽ እናቱን የገደላት አባቱ መሆኑን ሲሰማ ግን ያ ሁሉ ሀብት ምንም አይፈይድለትም። እኔ የማምነው ያንን ሮርክ ነው።