ዋልካው የሚሰጠው ቀን

መተማ ላይ ትራክተር ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው። ለልምምድ ወደ እኛ የሚመጡ የግብርና ምህንድስና ተማሪዎችም እንደዚያው። እኔ መጀመሪያ አፈሩን አስጨብጣቸዋለሁ። ከገንደ ውሃ እስከ ኮኪትና መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ እስከ ሱዳኑ ገዳሪፍ የተዘረጋው ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። በሚያዝያ ዲስኩ ላዩን ጭሮት ያልፋል፤ በሐምሌ አጋማሽ ጎማ ይውጣል። በሁለቱ መካከል አፈሩ የሚታረስበትና የሚዘራበት ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ስለዚህ ስሌቱን ከዚያ ጊዜ እንጀምራለን። 3 ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢጎተት፣ ለመዞሪያ፣ ለነዳጅና ለብልሽት ሩቡን ሰዓት ብንቀንስ፣ በሰዓት 1.35 ሄክታር ያርሳል። ቀኑን አሥር ሰዓት ቢሠራ 13.5 ሄክታር ነው። ባለ 200 ሄክታሩ ባለሀብት 15 ቀን ይፈልጋል፤ ዝናቡ አሥር ቀን ብቻ ከሰጠው 65ቱ ሄክታር ጊዜው ካለፈ በኋላ ይዘራል ወይም ጦም ያድራል። ተማሪው ይህን በራሱ እጅ ሲያሰላ የፈረስ ጉልበቱን ጥያቄ ራሱ ያስተካክለዋል፤ በቂ ጉልበት ማለት በእነዚያ ቀናት ማሳውን የሚያዳርስ ጉልበት ነው። ማሳው ውስጥ ተበላሽቶ የሚቆም ትልቅ ትራክተር፣ መለዋወጫው አጠገብ ካለው ትንሽ ትራክተር ያነሰ ሥራ ይሠራል።

ገዳሪፍ ከእኛ ቀድሞ የሄደበትን መንገድ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። እዚያ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በአውሮፓውያኑ 1940ዎቹ አጋማሽ ለሠራዊት ማሽላ ለማምረት ነበር። ከዚያ በኋላ ማሽላ በማሽላ ላይ እየተዘራ፣ ዲስኩ ዓመት ዓመት ያንኑ ጥልቀት እየፋቀ፣ የሄክታሩ ምርት እየወረደ መጣ። እኛም ያንኑ ዲስክ ነው የምንጎትተው። ዲስክ በአንድ ጥልቀት ሲመላለስ ከሥሩ የጠጠረ ንጣፍ ይሠራል፤ ውሃው አልወርድም ይላል፤ እዚህ የምንዘራው ሰሊጥ ደግሞ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ቶሎ ከሚሞቱ ሰብሎች አንዱ ነው። ዶክተር መለሰ ተመስገን በበሬ የሚጎተተውን፣ አይባር ቢቢኤም የተባለውን የመደብና የቦይ ማበጃ የሠሩት ውሃ ከሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ትርፉን ውሃ በቦይ ለማንጣለል ነው። ያ ሐሳብ ከደጋው ስንዴ ይልቅ ለቆላው ሰሊጥ የበለጠ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ በትራክተር የሚጎተት፣ መደቡን እያበጀ የሚዘራ አንድ መሣሪያ እዚህ ተፈትሾ ማየት ከምመኛቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስንማር የመዝሪያና የማጨጃ ስሌታችን ሁሉ የስንዴና የበቆሎ ነበር። ምክንያቱ ከሥሩ የመጣ ይመስለኛል። የዘመናዊው የግብርና ትምህርታችን እናት ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ የተደራጀው በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት ነው፤ ኦክላሆማ ደግሞ የስንዴ አገር ናት። የበቆሎ ፍሬ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢቀበር ገፍቶ ይወጣል። ሰሊጥ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ይቀራል፤ ላይ ላዩን ከቀረም የቆላው ፀሐይ ከሥሩ እርጥበቱን ይነጥቀዋል። በመስመሮች መካከል 40፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ሲዘራ አንድ ሄክታር 250 ሺህ ተክል ይይዛል፤ ለዚህ የሚበቃው ፍሬ አንድ ኪሎ አይሞላም። በእጅ ሲበተን ግን ሦስት፣ አራት፣ አምስት ኪሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ማሳሳቱ ሌላ የሰው ጉልበት ይበላል። ይህን ያህል ደቃቅ ዘር፣ ይህን ያህል ጓል ባለበት ማሳ ላይ፣ ጥልቀቱን በአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ጠብቆ የሚጥል መዝሪያ መሥራት ለመመረቂያ የሚበቃ ሥራ ነው።

አጨዳው ግን ከሁሉም ይከብዳል። የሰሊጥ ቋት ከታች ወደ ላይ ነው የሚደርሰው፤ የታችኛው አፉን ሊከፍት ሲል የላይኛው ገና አረንጓዴ ነው። ኮምባይነር ቢገባበት ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን በማጭድ ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ በሂላ፣ ማለትም ነዶው ተደጋግፎ፣ ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። በአውሮፓውያኑ 1943 ላንግሃም የተባለ ተመራማሪ ቬንዙዌላ ውስጥ ቋቱ የማይከፈት የሰሊጥ ዘር አገኘ፤ ችግሩ ቋቱ ፍሬውን አለቅም ስለሚል ፍሬው በመውቂያው መጎዳቱ ነበር። ፍሬውን ማሳ ላይ የሚይዝ፣ ማሽን ውስጥ የሚለቅ ዝርያ ለማግኘት ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጀ። ዛሬ ያንን ሰሊጥ በኮምባይነር ከሚያጭዱት አንዷ ያችው ኦክላሆማ ናት። ከዚህ የምማረው የማሽን ሠሪውንና የዘር አዳቃዩን ሥራ ሳይለያዩ መማር እንደሚገባ ነው። የእኛ ዝርያዎች ቋታቸው ይከፈታል፤ ስለዚህ ለጊዜው የሚያስፈልገን ሳይነቀንቅ የሚያጭድና የሚያስር መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ይመጣል። አጨዳው ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከሌላም አካባቢ በሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው። ያው የዋልካ ስንጥቅ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን የምትደበቅበት ነው፤ ማታ ትወጣለች፤ ከቤት ውጭ፣ ግራር ሥር የሚያድር ሠራተኛ ከሁሉም በላይ ይጋለጣል። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ለተክሉ ደግሞ ቋቱ በጤዛ የለሰለሰበት ሌሊትና ማለዳ ማጨድ ይሻላል፣ ፍሬው አይረግፍም። ለሰሊጡ የሚበጀው ሰዓት ለሰውየው የሚከፋው ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ይህንን የሐኪም ጉዳይ ብሎ የሚያልፍ መሐንዲስ ሥራውን ግማሽ ትቶታል። መኝታ ዳሱ የት ይሠራ፣ አጎበር የሚሰቀልበት ምሰሶ አለው ወይ፣ አጨዳው በስንት ሰዓት ይጀመር የሚሉት ከማሽኑ ስፋትና ፍጥነት ጋር በአንድ ወረቀት መስፈር አለባቸው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ልምምዱን ከአጨዳው ጋር ቢያገጥሙልን ደስ ይለኛል። መስከረምና ጥቅምት ላይ የሚመጣ ተማሪ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ካሬ ሜትር የሚለካ የእንጨት ፍሬምና ትዕግሥት ነው። ከታጨደ በኋላ ፍሬሙን መሬት ላይ ጥሎ የረገፈውን ይቁጠር። አንድ ሺህ ፍሬ 3 ግራም ገደማ ነውና በካሬ ሜትር ሺህ ከተቆጠረ ባለማሳው በሄክታር 30 ኪሎ አጥቷል። በማለዳ የታጨደውን ከቀትሩ፣ በማጭድ የታጨደውን በማሽን ከታጨደው ለይቶ ይቁጠርና ለባለማሳው በኪሎና በብር ይንገረው።